የድርጅት ኢሜይል በማን እጅ ይደር?

በአዲስ አበባም ሆነ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በድሬዳዋ የድርጅት ታፔላዎችን ላነበበ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። የድርጅቱ ስም በትልቁ ይጻፋል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር ይከተላል፤ ከስልኩ ቀጥሎ የሚመጣው የኢሜይል አድራሻ ግን ብዙ ጊዜ የሚያበቃው በጂሜይል ወይም በያሁ ነው። ንግድ ፈቃድ ያወጣ፣ ግብር የሚከፍል፣ ሠራተኛ የሚያስተዳድር ድርጅት ከደንበኞቹ ጋር የሚጻጻፈው በሌላ ኩባንያ ስም ነው ማለት ነው። አካውንቱን የከፈተው ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ፣ ወይም የማረጋገጫ ኮድ የሚላክበት ሲም ካርድ ሲጠፋ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ የዋጋ ድርድር፣ ውልና ደረሰኝ አብሮ ይሄዳል። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሟቸው ዕድሮችና ማኅበራትም ከዚህ አያመልጡም፤ የማኅበሩ ደብዳቤ በቀድሞው ጸሐፊ የግል አካውንት ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል።

ይህን ያስተዋለ ባለ ድርጅት “የራሳችንን ኢሜይል ሰርቨር ብናቆምስ?” ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ጥያቄው በውስጡ ሦስት ጥያቄዎች አሉት። አንደኛው አድራሻችን የሚቆምበት ስም፣ ማለትም ዶሜይኑ፣ የማን ይሁን የሚል ነው። ሁለተኛው የደረሱንና የላክናቸው ደብዳቤዎች የት ይቀመጡ የሚል ነው። ሦስተኛው የምንልከውን ደብዳቤ ለዓለም የሚያደርሰው ማን ይሁን የሚል ነው። ሦስቱን በአንድ ሰው፣ በአንድ ማሽን መያዝ ይቻላል፤ ግን ግዴታ አይደለም። ብዙ ሰው ሥራውን ጀምሮ የሚሰለቸው ሦስቱን ሳይለያይ አንድ ላይ ስለሚሸከም ነው። በእኔ እምነት ስሙ መቼም ለሌላ አይሰጥም፤ ማከማቻው እንደ አቅም ነው፤ መላኪያውን ግን ብዙ ጊዜ ተከራይቶ መጠቀም ብልህነት ነው። ለምን እንደዚህ እንደምል ለማሳየት ደብዳቤው የሚሄድበትን መንገድ አብረን እንከተል።

ደብዳቤው የሚያልፍባቸው በሮች

አዲስ አበባ ያለ አንድ ቡና ላኪ ሐምቡርግ ላለ ገዢ የናሙና ዋጋ ላከ እንበል። ከላፕቶፑ ወይም ከስልኩ የወጣው ደብዳቤ መጀመሪያ የሚደርሰው የላኪው ድርጅት ሰርቨር ዘንድ ነው። በዚህ በር፣ ማለትም በፖርት 587 ወይም በ465፣ ሰርቨሩ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ቀጥሎ ሰርቨሩ ዲኤንኤስ የሚባለውን የኢንተርኔት የስም መዝገብ ያያል፤ በገዢው ዶሜይን ሥር ኤምኤክስ የሚል መስመር ፈልጎ የዚያን ድርጅት ደብዳቤ የሚቀበለው የትኛው ማሽን እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ በፖርት 25 በኩል ያንን ማሽን ያነጋግራል፤ ማንነቱን ይናገራል፣ ላኪና ተቀባይን ይጠራል፣ ደብዳቤውን ያስረክባል። ተቀባዩ ሰርቨር በ250 ከመለሰ ተረክቧል፤ በ550 ከመለሰ እምቢ ብሏል፤ በ4 የሚጀምር ቁጥር ከመለሰ ቆይተህ ሞክር ማለቱ ነው። ገዢው ደብዳቤውን ከሳጥኑ አውጥቶ የሚያነበው ደግሞ አይማፕ በተባለው ሥርዓት፣ ብዙውን ጊዜ በፖርት 993 ነው።

ይህ በፖርት 25 የሚካሄደው ንግግር ኤስኤምቲፒ ይባላል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆን ፖስተል በ1982 እ.ኤ.አ. ሲደነግገው አውታረ መረቡን የሚጠቀሙት ጥቂት፣ በአብዛኛው የምርምር ተቋማት ነበሩ። ስለዚህ ላኪው “እኔ እገሌ ነኝ” ሲል ተቀባዩ የሚያረጋግጥበት መንገድ በሥርዓቱ ውስጥ አልነበረም። በእርግጥ ያልተጠየቀ ደብዳቤ ችግር ከዚያም በፊት ብልጭ ብሎ ነበር፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ጋሪ ቱርክ የተባለ የኮምፒውተር ኩባንያ ሠራተኛ ለ400 ያህል የአርፓኔት (የኢንተርኔት ቀዳሚ አውታረ መረብ) ተጠቃሚዎች ያልጠየቁትን ማስታወቂያ ልኮ ቁጣ ቀስቅሷል። ኢንተርኔት ለሕዝብ ሲከፈት ግን ላኪው የማይረጋገጥበት ቀዳዳ የማጭበርበሪያ በር ሆነ። ዛሬ የራሱን ሰርቨር የሚያቆም ሰው የሚደክመው ማሽኑን ለማስነሣት አይደለም፤ ማሽኑ ሐሰተኛ አለመሆኑን ለማያውቁት ተቀባዮች ለማስረዳት ነው።

የቤት መስመር የሚያጥረው ነገር

ከመኝታ ቤት ጥግ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር የአሥር ሠራተኞችን ደብዳቤ ለማስተናገድ ጉልበት አያንሰውም። የሚያንሰው መስመሩ ነው። በመጀመሪያ፣ ለቤት የሚሰጠው አይፒ አድራሻ፣ ማለትም መስመሩ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ በየጊዜው የሚቀያየር ነው። በሞባይል ዳታ ላይ ደግሞ ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ ስለሚጋሩ ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ወደ ማን ቤት እንደሚገባ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ብዙ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ከቤት መስመር በፖርት 25 የሚወጣውን ሁሉ ይዘጋሉ፤ አሜሪካ ያሉ የኮምካስት የመኖሪያ ቤት ደንበኞች ይህን ያውቁታል። ሦስተኛ፣ ስፓምሃውስን የመሰሉ ድርጅቶች ኢሜይል በቀጥታ ሊልኩ የማይገባቸውን የቤት መስመር አድራሻዎች ዘርዝረው መዝገብ ይይዛሉ፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰርቨሮችም ያንን መዝገብ እያዩ ደብዳቤውን ከደጅ ይመልሳሉ። የቤቱ ባለቤት አንዲት መጥፎ ደብዳቤ ባይልክ እንኳ አድራሻው ብቻ ያስጠረጥረዋል።

አራተኛው ጉድለት ሪቨርስ ዲኤንኤስ ነው። ዶሜይኑ ወደ አይፒ አድራሻው እንደሚያመለክት ሁሉ አይፒ አድራሻውም ወደ ሰርቨሩ ስም መልሶ ማመልከት አለበት። ይህን መስመር የሚጽፈው የዶሜይኑ ባለቤት ሳይሆን የአይፒው ባለቤት፣ ማለትም ኢንተርኔት አቅራቢው ነው። ቋሚ አይፒ ያለው የድርጅት መስመር የተከራየ ሰው አቅራቢውን ጠይቆ ማስጻፍ ይችላል፤ ለቤት ደንበኛ ግን ይህ ዕድል ብዙ ጊዜ የለም።

የመብራት መቋረጥስ? እዚህ ላይ ኢሜይል ከሚታሰበው በላይ ታጋሽ ነው። ላኪው ሰርቨር ተቀባዩን ካጣው ደብዳቤውን በወረፋ ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ደንቡ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲሞክር ይመክራል። ለአንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ የሚመጣው ደብዳቤ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። ይዞ የማቆየትና አጋጣሚ ሲገኝ የማሳለፍ ባሕርይ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። አገሪቱ በ1997 እ.ኤ.አ. ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ ከመገናኘቷ በፊት፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር አዲስ አበባ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ማዕከል በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኢሜይል ያስተላልፍ የነበረው ፊዶኔት በተባለው ዘዴ ነበር። ደብዳቤዎች ይጠራቀማሉ፤ ስልክ ሲደወል በአንድ ላይ ይሻገራሉ።

ትዕግሥቱ ግን ወሰን አለው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ የተዘጋው ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይከፈት ቆይቷል። በአገር ውስጥ ለቆመ ሰርቨር እንዲህ ያለው መዘጋት ከወረፋው ዕድሜ ያልፋል፤ ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል፤ የውጭ ገዢም ድርጅቱ የተዘጋ ይመስለዋል። በሌላ በኩል ሰርቨሩ ውጭ አገር ከሆነ ደብዳቤው ይጠብቃል፤ ሠራተኛው ግን እስኪከፈት አያገኘውም። ምርጫው በየትኛው በኩል ቢጎድል ይሻላል የሚል ነው። ውጭ ገዢ ላለው ድርጅት መልሱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ተቀባዩ ማሽን ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆይ።

ደብዳቤን የሚያስከብሩ ሦስት ምስክሮች

በማንኛውም መሥሪያ ቤት ማኅተም የሌለው ደብዳቤ አይስተናገድም። ለኢሜይልም ይህን የሚመስል ሥርዓት ዘግይቶ ቢሆንም ተሠርቶለታል፤ ሦስት ክፍሎችም አሉት።

የመጀመሪያው ኤስፒኤፍ ነው። የዶሜይኑ ባለቤት “በእኔ ስም ደብዳቤ እንዲልኩ የፈቀድኩላቸው ማሽኖች እነዚህ ናቸው” ብሎ በዲኤንኤስ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል። ተቀባዩ ደብዳቤው የመጣበትን አይፒ ከዝርዝሩ ጋር ያስተያያል። ድክመቱ ደብዳቤው በሦስተኛ ወገን በኩል ሲተላለፍ ይታያል፤ የሚያስተላልፈው ማሽን በዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ ምስክርነቱ ይወድቃል። ዝርዝሩን ለማጣራት የሚደረገው የዲኤንኤስ ፍለጋም ከ10 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ብዙ አገልግሎቶችን በአንድ መስመር የሚያጭቁ ድርጅቶች ሳያውቁት ከዚህ ወሰን አልፈው መዝገባቸውን ዋጋ ቢስ ያደርጉታል።

ሁለተኛው ዲኪም ነው፤ ማኅተሙም እርሱ ነው። ሰርቨሩ በምስጢር ቁልፉ ደብዳቤውን ይፈርማል፤ ተቀባዩ በዲኤንኤስ ላይ በተለጠፈው ይፋ ቁልፍ ፊርማውን ይመረምራል። ፊርማው የደብዳቤውን አካልና አባሪውን ጭምር ስለሚሸፍን፣ በመንገድ ላይ አንድ ሰው በኢንቮይሱ ላይ ያለውን የባንክ ሒሳብ ቁጥር አንዲት አኃዝ ቢቀይር ፊርማው ይፈርሳል። ደብዳቤው ሳይነካ ከተላለፈ ደግሞ በስንት እጅ ቢያልፍም ፊርማው አብሮት ይጓዛል። ቁልፉ 2048 ቢት ቢሆን ይመረጣል።

ሦስተኛው ዲማርክ ሁለቱን ያስተሳስራል። አንባቢው በዓይኑ የሚያየው የላኪ አድራሻ በኤስፒኤፍ ወይም በዲኪም ከተመሰከረለት ዶሜይን ጋር መስማማቱን ይጠይቃል፤ ካልተስማማ ምን ይደረግ የሚለውንም የዶሜይኑ ባለቤት ይወስናል። ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ ዝም ብለህ አሳልፍ፣ ወደ አይፈለጌ መልእክት ሳጥን ክተት፣ ጨርሶ አትቀበል። ከመጀመሪያው ደረጃ መጀመር ይበጃል። ትልልቅ ተቀባዮች በዶሜይኑ ስም ማን ማን እንደላከ የሚያሳይ ሪፖርት በየቀኑ ይልካሉ፤ ሪፖርቱን ለጥቂት ሳምንታት አይቶ፣ የተረሳ ሕጋዊ ላኪ አለመኖሩን አረጋግጦ ወደ ጠንካራው ደረጃ መውጣት ይቻላል።

እነዚህ ምስክሮች ቀድሞ እንደ ውዴታ ይቆጠሩ ነበር። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ጉግልና ያሁ ማንኛውም ላኪ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም እንዲኖረው፣ በጅምላ የሚልክ (በጉግል መስፈርት ለጂሜይል በቀን 5,000 ወይም ከዚያ በላይ) ሦስቱንም እንዲያሟላ አስገድደዋል። አንባቢዎች “አይፈለጌ ነው” ብለው የሚከሱት ድርሻም ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ይጠይቃሉ። ማይክሮሶፍትም በ2025 እ.ኤ.አ. በብዛት ለሚልኩ ተመሳሳይ ደንብ አውጥቷል።

ነገሩ ለትንሽ ድርጅት የገንዘብ ጉዳይ ነው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ማዕከል በ2023 እ.ኤ.አ. በደረሱት አቤቱታዎች በንግድ ኢሜይል ማጭበርበር ብቻ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ መጥፋቱን መዝግቧል። የተለመደው አካሄድ ሻጩን መስሎ “የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል” ብሎ ለገዢው መጻፍ ነው። ዲማርክ በትክክለኛው ስም የሚደረገውን ማስመሰል ይከላከላል፤ አንዲት ፊደል በለወጠ ተመሳሳይ ስም የሚመጣውን ግን አይከላከልም። የሠራተኛ የይለፍ ቃል ከተሰረቀም ሰርቨሩ የሌባውን ደብዳቤ በራሱ ማኅተም አትሞ ይልካል። ስለዚህ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ ሁልጊዜ ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ተደውሎ ይረጋገጥ።

ሰርቨሩን ለማቆም

የቤት መስመር ካልሆነ የሚቀረው በዳታ ሴንተር ውስጥ ቪፒኤስ የሚባለውን ምናባዊ ሰርቨር መከራየት ነው። ከመክፈል በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠየቅ፦ ፖርት 25 ክፍት ነው ወይ? ሪቨርስ ዲኤንኤስ እንድጽፍ ይፈቀድልኛል ወይ? ትልልቆቹ አከራዮች በዚህ ረገድ ጥብቅ ናቸው። ጉግል ክላውድ ወደ ውጭ የሚወጣውን ፖርት 25 ይዘጋል፤ የአማዞኑ ኢሲ2 ደግሞ ካላመለከቱ በቀር ይገድባል። የተሰጠው አይፒ ቀድሞ በማን እጅ እንደነበረና እንደ ስፓምሃውስ ባለ ጥቁር መዝገብ መግባት አለመግባቱም ይታይ። ከኢትዮጵያ ለሚከራይ ሰው ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑም ይታሰብበት፤ ክፍያ ተሰናክሎ የተዘጋ ሰርቨር መብራት ከጠፋበት ሰርቨር የባሰ ነው።

ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ሥራው ለተለያዩ ፕሮግራሞች ይከፋፈላል። ደብዳቤ የሚቀበለውና የሚልከው ብዙውን ጊዜ ቪትሴ ቬኔማ የጀመረው ፖስትፊክስ ነው። ደብዳቤውን አስቀምጦ ለአንባቢው የሚያቀርበው ዶቭኮት ሲሆን፣ አይፈለጌውን የሚለየው አርስፓምዲ ወይም ስፓምአሳሲን ነው። ሁሉንም ለየብቻ ማቀናጀት ለሚከብደው ሜይል ኢን ኤ ቦክስ፣ ሜይልካው እና አይሬድሜይል የተባሉ የተዘጋጁ ጥቅሎች አሉ። ግንኙነቱን የሚመሰጥረው ሰርተፍኬት ከሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ይገኛል፤ ዕድሜው አጭር፣ ለብዙ ዓመታት 90 ቀን ሆኖ የቆየ ስለሆነ ግን እድሳቱ በራሱ እንዲከናወን ካልተደረገ አንድ ቀን ጠዋት የሁሉም ሠራተኛ ስልክ ማስጠንቀቂያ ያወጣል።

የማይታለፍ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሰርቨሩ የማያውቀው ሰው መጥቶ ለሌላ ሦስተኛ ሰው ደብዳቤ አድርስልኝ ሲለው እሺ ማለት የለበትም። ይህ በር ክፍት ከሆነ አጭበርባሪዎች ፈጥነው ያገኙታል፤ የአይፒውም ስም ይበላሻል። ደህና የተሠራ ሰርቨርም ቢሆን አዲስ አይፒ ስለሚጠረጠር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሚያውቁንና ለሚመልሱልን ሰዎች በጥቂቱ እየላክን መላመድ ይገባል። የማስታወቂያ ደብዳቤ በጅምላ መላክ ካስፈለገ በሌላ ንዑስ ዶሜይንና በሌላ አገልግሎት ይሁን፤ የውልና የክፍያ ደብዳቤ በማስታወቂያ ምክንያት መጠርጠር የለበትም።

አማርኛ የሚጻጻፍ ድርጅት የሚጨነቅበት

በአማርኛ የሚጽፍ ድርጅት የሰርቨሩን መመሪያዎች ብቻ ተከትሎ ቢያበቃ የሚጎድለው ነገር አለ። ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል ኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ለጉዞ ቤዝ64 በተባለው ዘዴ ሲጠቀለል 4 ይሆናል። በዚህ ምክንያት ቶሎ የሚረዝመው የደብዳቤው ርዕስ በአጫጭር ቁራጮች ተከፋፍሎ ይላካል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም ከ75 ቁምፊ አይበልጥም። ደንቡ አንድ ፊደል ለሁለት እንዳይሰነጠቅ ይከለክላል፤ ደንቡን የማያከብር ፕሮግራም ግን ረጅም የአማርኛ ርዕስ መሐል ላይ የጥያቄ ምልክት ያስገባል። ስለዚህ ሙከራ ሲደረግ “ሰላም” ብሎ መላክ አይበቃም፤ ረጅም የአማርኛ ርዕስና በአማርኛ የተሰየመ አባሪ ይላክ።

አይፈለጌ ማጣሪያውም ትምህርት ይፈልጋል። ከልምድ የሚማረው የስፓምአሳሲን ክፍል ፍርድ መስጠት የሚጀምረው ቢያንስ 200 መጥፎና 200 መልካም ደብዳቤ ካየ በኋላ ነው። ከራሳችን የአማርኛ ደብዳቤ ካላስተማርነው የአማርኛን ቃላት ክብደት ከየትም አያገኝም። ሠራተኞች ወደ አይፈለጌ ሳጥን በስሕተት የገባውን እያወጡ፣ ያለፈውን እያስገቡ ማስተማራቸው የቋንቋው ተናጋሪ ብቻ የሚሠራው ሥራ ነው።

አድራሻውን ራሱን በግዕዝ ፊደል መጻፍም ይቻላል። ደንቡ በ2012 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ፖስትፊክስም ጂሜይልም ይቀበሉታል። ሆኖም ብዙ አሮጌ ሰርቨሮችና የድረ ገጽ ቅጾች ስለማያስተናግዱት ለጊዜው ዋናው የንግድ አድራሻ ባይሆን ይሻላል።

ማን ምን ይያዝ?

ሰርቨር ከቆመ በኋላ ያለው ሥራ ጸጥ ያለ ቢሆንም አያቋርጥም። ሶፍትዌር ይታደሳል፣ ዲስክ ይታያል፣ ጥቁር መዝገብ ይፈተሻል፣ ደንቡ ግድ የሚለው የፖስትማስተር አድራሻ ይነበባል። መጠባበቂያ ቅጂ በሌላ ቦታ ይቀመጣል፤ ቅጂውም ተከፍቶ ደብዳቤው በእርግጥ እንደሚመለስ ይሞከራል። የሕግ ኃላፊነትም አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ልውውጥ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የደንበኞችን መረጃ የሚይዝ ሁሉ በአግባቡ እንዲጠብቀው ያዛል። ሰርቨሩን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ድርጅቱ ከጂሜይል ጥገኝነት ወጥቶ የዚያ ሰው ጥገኛ ሆነ እንጂ ነፃ አልወጣም።

ስለዚህ ባለሙያ የሌለው አሥር ሠራተኛ ያለው ድርጅት ዶሜይኑን በራሱ ስም ይዞ፣ ማከማቻውንና መላኪያውን ከጉግል ወርክስፔስ፣ ከማይክሮሶፍት 365 ወይም ከዞሆ ቢከራይ ትክክል ነው፤ በየወሩ የሁሉንም ሳጥን ቅጂ በአይማፕ እየጎተተ ራሱ ዘንድ ያስቀምጥ። ሰርቨር የሚያውቅና ጊዜ የሚሰጥ ሁለት ሰው ያለው ድርጅት ማከማቻውን ራሱ ቢይዝ፣ የሚወጣውን ደብዳቤ ግን እንደ አማዞን ኤስኢኤስ ባለ የታወቀ መላኪያ ቢያሳልፍ የደብዳቤውን ምስጢርና ታሪክ በእጁ አድርጎ ከአይፒ ዝና ጭንቀት ይድናል። ሦስቱንም ራሱ መያዝ ያለበት ምስጢሩ በእርግጥ ሌላ እጅ እንዳይነካው የሚያስገድደው፣ ሰርቨሩንም የዕለት ሥራው አድርጎ የሚከታተል ሰው የመደበ ድርጅት ነው።

በሦስቱም ምርጫ የማይለወጠው የስሙ ባለቤትነት ነው። የአገሪቱን ዶት ኢቲ ኢትዮ ቴሌኮም ያስተዳድራል፤ ዶት ኮም ከብዙ ሻጮች ይገኛል። የትኛውም ቢመረጥ ምዝገባው በቴክኒሻኑ ወይም በዌብሳይት ሠሪው ስም ሳይሆን በድርጅቱ ስም ይሁን፤ የእድሳት ማሳሰቢያው ቢያንስ ለሁለት ኃላፊዎች ይድረስ፤ የመዝገቡ የይለፍ ቃልም እንደ ማኅተም በሥራ አስኪያጁ ካዝና ይቀመጥ። ዶሜይኑ በእጁ ያለ ድርጅት አከራዩ ዋጋ ቢጨምርበት ወይም አገልግሎቱ ቢበላሽበት የኤምኤክስን መስመር ቀይሮ በሰዓታት ውስጥ ወደ ሌላ ይዛወራል፤ አድራሻው አይለወጥም፤ ገዢውም የተለወጠ ነገር መኖሩን አያውቅም። ዶሜይን የሌለው ግን ምርጥ ሰርቨር ቢከራይም የሚጽፈው በሰው ስም ነው። ሰርቨር ለማቆም የሚያስብ ሁሉ ማሽን ከመግዛቱ በፊት ይህችን የምዝገባ ወረቀት ትክክለኛ ስም ላይ ያሳርፍ፤ ቀሪውን እንደ አቅሙ፣ እንደ ጊዜው ይጨምርበታል።